መርዝ ያልረጨሁበት ሜዳ

ባለፈው ሳምንት ዓይኔን ልታይ ደብረ ማርቆስ አንድ ክሊኒክ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ ጎልፍ ያሳያል። ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው አረንጓዴ ሜዳ ላይ ጎንበስ ብሎ ትንሿን ኳስ ትኩር ብሎ ያያታል፤ አይመታትም። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ሰልችቶት፣ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው? እኛ አገር ደርሶም አያውቅ» አለ።

«ደጀን ደርሶ ነበር» አልኩት። «ሳሩን አጭድ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ዞሮ ሻሼን፣ መነጽሬን፣ ከዘራዬን አየና በትህትና ፈገግ አለ። አላመነኝም፤ እኔም አልፈረድኩበትም። ስሜ ሲጠራ ተነስቼ ገባሁ። ሐኪሙ ፊደል ሲያስነብበኝ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።

የተወለድኩት ደጀን ነው። አባቴ መኪና መንገዱ ዳር ሱቅ ነበረው። ከዓባይ በረሃ ሽቅብ የወጡ የጭነት መኪናዎች ሞተራቸውን የሚያበርዱት እኛ ደጅ ላይ ስለነበር፣ ልጅነቴ በናፍጣ ሽታና በሹፌሮች ጨዋታ የተሞላ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት፣ መንገዱን የሚሠራ የውጭ ኩባንያ ከከተማው ወጣ ብሎ ካምፕ ተከለ። የካምፑ ሰዎች ስኳሩንም፣ ፓስታውንም፣ ሳሙናውንም የሚገዙት ከአባቴ ነበር። ቤታችን በዚያ ዓመት ጠገብ አለ።

መሐንዲሶቹ ለእሁዳቸው መዝናኛ ከካምፑ ጀርባ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን የመንደሩን ግጦሽ ተከራይተው የጎልፍ ሜዳ አደረጉት። ውሉ ላይ የመንደሩ ከብት በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ በታችኛው ክፍል እንዲግጥ ተስማምተዋል። እኔ እንግሊዝኛ ትንሽ ትንሽ ስለምሞክር የሳር ሠራተኞቹ አለቃ ተብዬ ተቀጠርኩ። አለቃ ይባል እንጂ ከእነሱ እኩል ተንበርክኬ ነበር የማጭደው። አብረውኝ የሚሠሩት አያ ምንይችል የሚባል የዚያው መንደር ገበሬና ሁለት የጎረቤቱ ሴቶች ነበሩ።

ሥራው እንደ ወቅቱ ነው። በክረምት ጉሙ ከሸለቆው ተነስቶ ሜዳውን ሲውጠው ባንዲራዎቹ እንኳ አይታዩም፤ እኛ ላስቲክ ተከናንበን ውሃው የሚወርድበትን ቦይ እንጠርጋለን። ውሃ የተኛበት ሳር ይበሰብሳልና። መስከረም ሲጠባ ሙጃው ከሰርዶው መሀል ሽቅብ ይመዘዛል፤ በእጅ መንቀል ነው። ጥቅምት ሰማዩ ሲጠራ ማጨድ ነው። ሞተር ያለው ማጨጃ አንድ ነበር፤ እሱም ከሚሠራበት የሚቆምበት ይበዛል። በበጋ ደግሞ ከምንጩ ውሃ በጀሪካን እየተሸከምን፣ ኳሱ የሚገባበት ጉድጓድ ያለበትን ክብ፣ እነሱ «ግሪን» የሚሉትን፣ እናጠጣለን። አገሩ ሁሉ ቢጫ ሆኖ እነዚያ ክቦች ብቻ አረንጓዴ። አንዳንዴ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ ያናድደኝ ነበር።

አውሬውና ወፉም ያንን አረንጓዴ ወደደው። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ ይወጡና ቁጭ ብለው፣ እንደ ባልቴት እየተጨዋወቱ፣ ሳሩን በጣታቸው እየነጩ ይበላሉ። ጎፈሩ እንደ ካባ የሚወርድ አንድ ትልቅ ወንድ ኳስ አንስቶ በጥርሱ ሞክሮ ሲወረውራት አይቻለሁ። ጋጋኖዎች በቦዩ ዳር እርጥቡን አፈር በረጅም ምንቃራቸው እየወጉ ትል ይለቅማሉ፤ ስንጠጋቸው አገር ምድሩን በጩኸት ያናውጡታል። ለመሐንዲሶቹ ግን ከሁሉም የባሰው የማይታየው ነበር፤ ፍልፈል። ማታ አስተካክለነው የሄድነው ግሪን ጠዋት ስንመጣ ትኩስ አፈር ተቆልሎበት እናገኘዋለን።

ምሳችንን አፋፉ ላይ እንበላለን። እኔ በአዋዜ የተለወሰ ድንችና ዳቦ፣ እነሱ ቆሎ ወይም ሽሮ፤ በእሸት ጊዜ ደግሞ አያ ምንይችል ከማሳው የባቄላ እሸት በኩታው ቋጥሮ ይመጣል። አንድ ቀን እሸቱን እየፈለፈለ፣ «እነዚህ ሰዎች እኛን ጉድጓድ አስቆፍረው ኳስ ይከቱበታል» አለኝ። «ፍልፈል ሲቆፍር ግን ይቆጣሉ። ለእሱም ደመወዝ ቢቆርጡለት ምናለ?» እስኪያመን ሳቅን።

በዚያው ጥቅምት፣ እሁድ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ውድድር ሊደረግ ነው ተባለ። ሳምንቱ መጀመሪያ ላይ የካምፑ አስተዳዳሪ አቶ ሰለሞን በፒክአፕ መጣና አንድ ከረጢት አወረደ። ውስጡ ቀይ ቀለም የተነከረ ስንዴ ነው።

«ይህን በየፍልፈሉ ጉድጓድና በየግሪኑ ዙሪያ በትኑት» አለ። «እሁድ አንድም የአፈር ቁልል ማየት አልፈልግም።»

ከረጢቱን አገላብጬ ጽሑፉን አነበብኩ። የራስ ቅል ሥዕል አለበት፤ ከከብትና ከውሃ አርቁ ይላል። ቀና ስል ጭላዳዎቹ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከታች፣ ሜዳው ከሚያልቅበት ዝቅ ብሎ፣ ሴቶች ከምንጩ ውሃ ይቀዳሉ። የሰማዩ ጠርዝ ደግሞ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም ነበር።

«አቶ ሰለሞን፣ ይሄ እዚህ አይሆንም» አልኩት። «መርዝ ነው። ከብቱ ይግጣል፤ ከዘነበም ታጥቦ ምንጩ ውስጥ ይገባል።»

«ከብቱን ለአንድ ሳምንት ይከልክሉ።»

«ጭላዳውንስ ማን ይከለክለዋል? ምንጩንስ?»

«አንቺ የተቀጠርሽው ሳር ልታጭጂ ነው።»

«አዎ፤ መርዝ ልበትን አይደለም።»

ይህን ብዬ ከረጢቱ ላይ ተቀመጥኩበት። አስቤበት አይደለም። ለመቀመጥ ቅርብ የተገኘው እሱ ነበር። አንዴ ከተቀመጥኩ በኋላ ግን እዚያው መሆኑን ወደድኩት።

አቶ ሰለሞን አልጮኸም። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባትሽ ለካምፑ ዕቃ ያቀርባል፣ አይደል? ዕቃ የሚያቀርብ ሌላም ሱቅ አለ።»

የአባቴ ፊት መጣብኝ። የታናናሾቼ ደብተርና ጫማ፣ የእናቴ መድኃኒት ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። «ሱቁ የአባቴ ነው» አልኩት። «እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለቱን አያገናኟቸው።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተሻል» አለና ወደ አያ ምንይችል ዞረ። «አንተ በትነው።»

አያ ምንይችል ማጭዱን እንደያዘ ወደ ምንጩ አየ። ልጆች አሉት፤ ያ ሥራ ከእርሻው ሌላ ያለው ብቸኛ ገቢ ነው። ቢበትነው አልፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ማጭዱን በቀስታ ከከረጢቱ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠና፣ «ጌታዬ፣ እዚያ ውሃ የምትቀዳው ሚስቴ ናት» አለ። ሁለቱ ሴቶችም የያዙትን አስቀመጡ። ሁላችንም ተቀመጥን።

እንዲህ ሆነን ሳለ ዋናው መሐንዲስ፣ ጸጉሩ የነጣ ረጅም ሰው፣ ሥራው ለምን እንደቆመ ሊያይ መጣ። እስከዚያ ቀን ከእሱ ጋር የምንነጋገረው በአቶ ሰለሞን አፍ ነበር። አቶ ሰለሞን ማስረዳት ሲጀምር ተነሳሁና በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ራሴ ነገርኩት። ከብት ይጠጣል፣ ሰው ይጠጣል፣ አልበትንም። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልነበረኝም። ደግሜ ደጋግሜ ያንኑ አልኩት።

«ውሃው የት ነው?» አለኝ።

ይዤው ወረድኩ። የአያ ምንይችል ሚስት ጀሪካኗን ሞልታ ልትነሳ ስትል ደረስን። ከግሪኑ ወደ ምንጩ የሚወርደው ቦይ፣ በክረምት በእጃችን የጠረግነው፣ እግሩ ስር ነበር። ቦዩን አየ፤ ምንጩን አየ፤ ሴትየዋን በአንገቱ ሰላም አላት። ሲመለስ ከረጢቱ ወደ መጋዘን ይመለስ ብሎ አዘዘ፤ እኛንም ወደ ሥራችሁ ግቡ አለን።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። መሐንዲሱ እንደሄደ አቶ ሰለሞን ጠራኝ። «ሌሎቹ ይቀጥሉ። አንቺ የምትመለሺው ነገ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ባለበት ይቅርታ ስትጠይቂኝ ነው።»

«ምን አጥፍቼ?»

«ንቀሽኛል።»

«አልናቅኩዎትም። እምቢ ነው ያልኩዎት» አልኩት። ማጭዴን ለአያ ምንይችል ሰጥቼ ሄድኩ።

ከሜዳው እስከ ሱቃችን ያለው መንገድ ያን ቀን አላልቅ አለኝ። በቆሎ የሚጠብሱት ሴቶች ሲጠሩኝ አልሰማሁም። አባቴ ከዙሁር ሶላት ተመልሶ ባንኮኒው ጀርባ ቆሟል። ሁሉንም፣ የሱቁንም ነገር ሳልደብቅ ነገርኩት። ሚዛኑን እየወለወለ እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«ለሱቁ ብለሽ በትነሽው ቢሆን ኖሮ» አለኝ፣ «እኔ ያንን እንጀራ እንዴት አድርጌ እውጠው ነበር?» ከዚያ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀድቶ ስኳር አብዝቶ ሰጠኝና ሥራውን ቀጠለ። በዚያው ሳምንት ካምፑ ከእኛ መግዛት አቆመ። ያ ዓመት ከበደን። ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን ትቶ የመኪና ረዳት ሆነ። ይህን የምለው እምቢታ በነፃ የሚገኝ እንዳይመስል ነው።

እሁድ ግን ውድድሩን ልይ ብዬ ሄድኩ። አጥሩ ገመድ ስለነበር የመንደሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ እንደለበሰ ከገመዱ ውጭ ቆሞ ያያል። እኔም የሚያምረውን ልብሴን ለብሼ፣ አቶ ሰለሞን በደንብ በሚያየኝ ቦታ፣ ከፊት ቆምኩ። እነ አያ ምንይችል ከንጋት ጀምሮ የአፈሩን ቁልል በእጃቸው እየደለደሉ ሜዳውን እንደ ምንጣፍ አድርገውታል። አንድ ወፍራም እንግዳ መጣና ኳሷን በቀስታ ገፋት። ኳሷ ወደ ጉድጓዱ እየተንከባለለች ሳለ ከፊቷ መሬቱ ነቅነቅ አለና ትኩስ አፈር ገፍቶ ወጣ። ኳሷ ተደግፋው ቆመች። የመንደሩ ሰው ሁሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ዋናው መሐንዲስ ራሱ ኮፍያውን አውልቆ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያልሳቀው አቶ ሰለሞን ብቻ ነበር።

መንገዱ አለቀ፤ ካምፑም ተነቀለ። እኔ በማግስቱ ዓመት እንደገና ተፈትኜ መምህራን ማሰልጠኛ ገባሁና ዕድሜዬን በሙሉ በማስተማር ጨረስኩ። ሜዳው ወደ ከብቱ ተመልሷል። አሁን እዚያ ብትሄዱ ጎልፍ ይጫወቱበት ነበር የሚል ሰው ማግኘታችሁን እንጃ። ምንጩ ግን አለ፤ አያ ምንይችል ካረፈ ወዲህም ልጆቹ ከዚያው ይጠጣሉ።

አሁን ጡረታ ወጥቼ፣ ልጆቼ በየጊዜው «እማ፣ ትንሽ ለዘብ ብትዪ» ይሉኛል። በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ሁሉም እጁን ሲያወጣ የእኔ ጉልበቴ ላይ ስለሚቀር ያፍራሉ መሰለኝ። ግትር ነች እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ይቅርታ መጠየቅ ጠፍቶኝ አይደለም። ተማሪ ያለ ጥፋቱ ተቆጥቼ፣ በማግስቱ ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ባለቤቴን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ለዚያ ቀን ግን ያን ጊዜ አልጠየቅኩም፤ ዛሬም አልጠይቅም። አቶ ሰለሞን በሕይወት ካለና አሁንም የሚጠብቅ ከሆነ፣ ይጠብቅ።