የነዓራ ሁለት ጡቦች

ነዓራ ጭቃ ስትረግጥ ዝም ካለች ወይ አሟታል ወይ አኩርፋለች ይባል ነበር። በግብፅ ምድር በጌሤም ከነበሩት የጡብ ጭቃ ጉድጓዶች ሁሉ ጫጫታ የማይለየው የእሷ ነው። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ፣ ጭዱን እየበተነች፣ ስለ አስገባሪው ቦርጭ ዘፈን ታወጣለች፤ ስለ ጎረቤቷ ስለ ሚልካ ፍየል ታወጣለች፤ የገዛ ባሏም አይቀርላትም። ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ ጭቃውም ሳይታወቃቸው ይቦካል። አስገባሪው ግብፃዊ ስለሆነ የዕብራውያኑን ቋንቋ አይሰማም፤ ስለራሱ ቦርጭ ሲዘፈን በእግሩ ምቱን ይመታ ነበር።

ይህች ሳቂታ ሴት ሁለት ልጆች ቀብራለች። የመጀመሪያው በአምስተኛው ቀን፣ ሁለተኛዋ በሰባተኛው ቀን እቅፏ ውስጥ ሳሉ ሞቱባት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ምክንያት ካላገኘ አያርፍም፤ ነዓራም ስታወጣ ስታወርድ ከርማ አንድ ምክንያት አገኘች። በጌሤም ምጥ የያዛት ሴት እግሮቿን በሁለት ጡብ ላይ አሳርፋ ቁጢጥ ብላ ነው የምትወልደው። ጡቡ ደግሞ ከሌላ ከየት ይመጣል? የፈርዖን ነው፤ እያንዳንዱ ላይ የፈርዖን ማኅተም አለበት።

«ሁለቱም ልጆቼ ማኅተሙ ላይ ነው የወደቁት» አለቻት ለሚልካ። «በእሱ ማኅተም ላይ የወደቀ የእሱ ነው። እሱ እንደሆነ ከመውሰድ ሌላ ምን ያውቃል?»

ሦስተኛውን ስታረግዝ በሰባተኛው ወር ላይ ወደ ወንዙ ዳር ወረደች። ጭቃውን ራሷ ቆፈረች፣ ጭዱን ከታጨደ ማሳ ለቀመች፣ የፈርዖንን የጡብ መቅረጫ ሣጥን አልነካም ብላ በእጇ ብቻ ሁለት ጡብ ሠራች። በእጅ የተሠራ ነገር ነውና አንደኛው ጎበጠ፣ ሌላው ሆዱ አበጠ። ፀሐይ ላይ እያገላበጠች ካደረቀቻቸው በኋላ በአሮጌ ሰሌን ጠቅልላ ከዳቦ ምድጃው ጀርባ ሸሸገቻቸው።

አማቷ እማማ ዓዳ ግን ከዓይናቸው የሚያመልጥ ነገር የለም። አርባ ዓመት ጭቃ ረግጠው ጉልበታቸው ስላበጠ አሁን እቤት ውለው ገብስ ይፈጫሉ። ምላሳቸው ግን አንድም ቀን አልታመመም።

«ይሄ ምንድነው? ዳቦ ነው ጡብ?»

«የምወልድበት ነው፣ እማማ። ማኅተም የለበትም።»

«እና የአባቶቻችን አምላክ ወርዶ ጭቃ ይመረምርልኛል ብለሽ ነው?»

«እርስዎ አያውቁትም፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት የረገጠችው ነገር…»

«ይበለኝ! ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። ሰባት ወልጄ አሁን ካንቺ ልማር!»

ነዓራ ሳቀች፤ በሆዷ ግን ተቀየመች። ጡቦቹንም መልሳ ጠቀለለቻቸው።

ባሏ ያኪን ስለዚህ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የወሊድ ነገር ለወንድ አይነገርም፤ የሚጠይቅ ወንድ ቢገኝ እንኳ ሴቶቹ መሳቂያ ያደርጉታል። ያኪን ደግሞ ጭምትና ፈሪ ሰው ነው። ሥራው ከማስጫው ጡብ ተሸክሞ ፊቶም ከተማ ለሚሠራው የፈርዖን ጎተራ ማድረስ ነበር። አንድ ጠዋት የጠፋ ማጭዱን ፍለጋ ከምድጃው ጀርባ ገብቶ ሰሌኑን ቢገልጥ ሁለት ጡብ አገኘ። ክው አለ። ባለፈው ወር አንድ የማዶ መንደር ሰው ለምድጃው ብሎ ሦስት የፈርዖን ጡብ ወስዶ ጀርባው እስኪላጥ ተገርፏል። ሚስቱ ደግሞ ደፋር ናት፤ ሁለት ማንሣት አያቅታትም። ጡቦቹ ጎባጣ መሆናቸውንና ማኅተም እንዳልተመታባቸው አይቶ፣ «ይጣላሉ ብላ ነው ያመጣቻቸው፤ ደግሞ እኮ ዘጠነኛ ወሯ ነው፤ በዚህ ሆዷ ልትገረፍ!» አለ በልቡ። ከሽንኩርቱና ከዳቦው ሥር ቅርጫቱ ውስጥ ደብቆ ወሰዳቸው፣ ከሸክሙ ጋር ደባለቃቸው፤ ቀትር ሳይሆን ግንበኛው ጎተራው ግድግዳ ላይ አስቀምጦ በላያቸው ሌላ ደረደረባቸው። ማታ ያኪን ሚስቱን ከጅራፍ በማዳኑ ደስ ብሎት ሁለት ዓሣ በላ። ሆድ ይፍጀው ብሎም ዝም አለ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነዓራ ዘፈኗን መሐል ላይ አቋረጠች።

«ምነው?» አለች ሚልካ።

«ምንም። ግጥሙ ጠፋኝ» አለችና የሚልካን ትከሻ ጨምድዳ ያዘች።

ሴቶቹ ገባቸው። አስገባሪውም ምጥ ይፈራል መሰለኝ፣ ፊቱን አዙሮ ሂዱ አላቸው። ደግፈው እቤት ካስገቧት በኋላ ነዓራ የመጀመሪያ ቃሏ «ጡቦቼን» ነበር። ሚልካ ከምድጃው ጀርባ ገብታ ባዶ ሰሌን ይዛ ወጣች።

በዚሁ መሐል ወሬው የደረሰው ያኪን እየሮጠ መጥቶ ደጅ ላይ ቆሟል። ወንድ አይገባምና በግድግዳው ነበር የሚነጋገሩት።

«ያኪን! ከምድጃው ጀርባ የነበሩትን ጡቦች አይተሃል?» አለች ነዓራ ከውስጥ።

ያኪን ከግድግዳው አንድ እርምጃ ራቀ።

«አንተ ሰውዬ!»

«እኔማ… ትገረፊብኛለሽ ብዬ…»

«የት አደረስካቸው?»

«ጎተራው ግድግዳ ላይ ናቸው።»

«ሄደህ አውጣቸዋ!»

«እንዴት አድርጌ? በላያቸው ላይ እኮ ስምንት ረድፍ አለ» አለ ያኪን፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ሴቶቹ ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው አፋቸውን ያዙ። የነዓራን ፊት ሲያዩ ግን ሳቁ ጠፋ። ሚልካ ከቤቷ ለምጥ ደብቃ ያኖረችውን ሁለት የፈርዖን ጡብ ይዛ መጣች፤ ማኅተሙን ወደ ታች ገልብጣ አስቀመጠችው።

«ይኸው፣ አይታይም።»

«ስላልታየ የለም?» አለች ነዓራ። «አልወጣበትም! ሚልካዬ፣ አልችልም። ይሄኛውንም መቅበር አልችልም!» ብላ ሆዷን አቅፋ፣ እግሯን ገጥማ መሬት ላይ ተቀመጠች። ምጡ ሲመጣባት ጥርሷን ነክሳ ወደ ኋላ ትለጠጣለች፤ ወደ ጡቦቹ ግን ንቅንቅ የለም። ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች። ሚልካ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ መልሳ ለመነቻት።

በመጨረሻ እማማ ዓዳ ግድግዳውን ይዘው እየተንፏቀቁ መጡ። ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ደገፉ፣ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ እግራቸውንም ዘርጋ አደረጉ።

«ነይ» አሉ።

«ወዴት?»

«ጉልበቴ ላይ ነዋ!»

«እማማ፣ ጉልበትዎ እንኳን እኔን…»

«እናቶቻችን በድንኳን ሲኖሩ ጡብ የሚባል ያውቁ ነበር? ከከነዓን ስንወርድ ጡብ ጭነን ነው የመጣነው? አንዷ በአንዷ ጉልበት ላይ ነው የወለዱት። አያቴ ነግራኛለች።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «በጡቡ ሳሾፍብሽ ፈርተሽ እንደነበር አላየሁልሽም። አይ እኔ! ነይ ልጄ፣ ይሄ የማንም ጉልበት አይደለም፤ የእኔ ነው።»

ነዓራ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከዚያም ተነሥታ አማቷ ጭን ላይ ተቀመጠች፤ አሮጊቷም ከጀርባዋ በሁለት እጃቸው አቀፏት።

ምጡ ቀላል አልነበረም። ነዓራ ስትጮኽ እማማ ዓዳ ጉልበታቸውን ይዘው ከእሷ በላይ ይጮኻሉ። ሚልካ ግራ ገብቷት፣ «ኧረ ለመሆኑ የምትወልደው የትኛዋ ናት?» ብትል ሦስቱም እዚያው ምጡ መሐል ሳቁ። ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲረዝም ሴት ልጅ ተወለደች፤ ወፍራም፣ ፀጉራም፣ ቁጡ።

«እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ!» አለች ሚልካ።

«እኔስ? እኔን ማን ይማረኝ?» አሉ እማማ ዓዳ። መነሣት አቅቷቸው ነበርና ያኪን ተጠርቶ እናቱን ተሸክሞ አልጋ ላይ አስተኛቸው። ለጡብ የለመደ ትከሻው ለአንድ ቀን እንኳ ለቁም ነገር ዋለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለነዓራ ከምጡ ይብሱ ነበር። አምስተኛው ቀን አለፈ። ስድስተኛውን ዓይኗን አልከደነችም። በሰባተኛው ቀን ልጅቷን ከእጇ አላወረደችም፤ ምግብም አልቀመሰችም፤ ትንፋሿን ብቻ ታዳምጣለች። ከጎኗ፣ ጉልበታቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እማማ ዓዳ ተኝተዋል። በዚያ ቀን አላሾፉም። «አንተ የእናቶቻችንን ድንኳን ያየህ» አሉ ወደ ጣሪያው፣ «ይቺን ተውልን። እባክህ ተውልን።» ነዓራም፣ «ተውልን» አለች። ከዚህ የረዘመ ጸሎት አልነበራቸውም።

ስምንተኛው ቀን ነጋ፣ መሸም። ነዓራን ድካሙ ጣላት።

ስትነቃ ፀሐይ ቤቱን ሞልታዋለች። በእጇ ብትዳብስ ልጅቷ የለችም። የተኛችበትን ገላልጣ ፈለገቻት። ያኔ ነው ከደጅ ልቅሶ የሰማችው፤ ኃይለኛ፣ የተቆጣ፣ የረሃብ ልቅሶ። ወደ በሩ ሮጠች። እማማ ዓዳ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው ልጅቷን በዚያ ባበጠ ጉልበታቸው ላይ እሹሩሩ ይላሉ።

«ምን ያስሮጥሻል? እንቅልፍሽን ትጥገቢ ብዬ ነው የወሰድኳት» አሉ።

ነዓራ እንባዋ እየወረደ፣ «እማማ፣ ዛሬ ስንተኛ ቀኗ ነው?» አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ! መቁጠር ትቻለሁ። ይልቅ ልጅቷ ርቧታል፣ አጥቢያት።»

ነዓራ ከአማቷ ጎን ደፉ ላይ ቁጭ ብላ አጠባቻት።