ትወና የመሰላቸው ጠብ

ዛሬ እንጅባራ ላይ የግጭት አፈታት ስልጠና ስንወስድ፣ እንግዳው አሰልጣኝ ከዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ሁሉ ለትወና የመረጡት ወይዘሮ ጥሩዬን እና አቶ ሙላትን ነው።

ወይዘሮዋ ንብረት ክፍል፣ አቶ ሙላት የመኪና ስምሪት ናቸው። ከተኳረፉ ዓመት አልፏል፤ መልእክታቸውን የማመላልሰው እኔ ነኝ።

«አንዳችሁ ሌላውን ሆናችሁ ተናገሩ» ተባሉ።

አቶ ሙላት እንደ ወይዘሮዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ጎማ የለም! ነገ ና!» አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ግን «እናትሽ ብትታመም እኔ ምን አገባኝ? መኪና የለም!» አሉ።

አቶ ሙላት ትወናውን ረሱት። «መታመማቸውን ነግረሽኛል እንዴ?»

«ፊትህ መቼ ያስነግራል!»

የቀረው በአዊኛ ቀጠለ። አዊኛ የማይሰሙት አሰልጣኝ «ግሩም ትወና!» ብለው አጨበጨቡ። ያረማቸው የለም።

ስንወጣ ይዘንብ ነበር። ሁለቱ በአንድ ጃንጥላ ሄዱ። እኔም ከመልእክተኝነት ተሰናበትኩ።

እናንተ መሥሪያ ቤትስ፣ የተኳረፉት በማን በኩል ነው የሚነጋገሩት?