አራት ፍላሽ በአንድ መሳቢያ

ጭንቀታም ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ ከጭንቀታም ሰው አፍ የሚወጣ ነው። ቤቴን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሼ እጀታውን የምነቀንቅ ሰው ነኝ። ጎረቤቴ «ሌባ እንኳ እንዳንቺ አይነቀንቀውም» ትለኛለች። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሰው ነው የአራት ከተማ መዝገብ ጠብቂ ያሏት።

ሥራው የመጣው ከኮሮና በኋላ ነው። አምቦ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ተማሪዎች የነቀሉትን ኬብል መልሼ ስሰካ ዓመታት ቆይቼ ነበር። የዘር ድንች የሚያባዙ ገበሬዎች ማኅበር ብሎክቼይን የሚባል ነገር ሊያስገባ ነው፣ የሚያስተዳድርለት ሰው ይፈልጋል ተባለ። ተወዳደርኩ። ብዙ ሰው ስላልቀረበ አለፍኩ።

ነገሩ ሲያብራሩት ቀላል ነው። የአንድ ገበሬ ዘር ተመርምሮ ንጹሕ ነው ወይም በሽታ አለበት ሲባል፣ ውጤቱ በአንድ ቢሮ ብቻ አይቀመጥም። አምቦ፣ አዲስ ዓለም፣ እጃጂና ሸነን ያሉት አራት ቢሮዎች እያንዳንዳቸው ያንኑ መዝገብ ይይዛሉ፤ አንዱ ጋ የተጻፈው አራቱም ጋ ይጻፋል። አንዴ የገባ አይሰረዝም። ስህተት ከሆነ ከሥሩ እርማት ይገባል፣ እርማቱ የሚጸድቀው ደግሞ ገበሬው የተመዘገበበት ቢሮና አንድ ሌላ ቢሮ በየራሳቸው ቁልፍ ሲፈርሙ ነው። ቁልፉ በፍላሽ የሚቀመጥ አንድ ትንሽ ፋይል ነው።

አሠልጣኛችን አዲስ አበባ ሆኖ በቪዲዮ ነበር የሚያስተምረኝ። ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ይጽፋል፣ እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። ኮንቴይነር የሚሉትን ፕሮግራም አስነሺ ሲለኝ መጀመሪያ የታየኝ መንገድ ዳር ያለው የቆርቆሮ ሱቅ ነው። አንዲት ነጥብ ከሳትኩ ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ሁሉም ነገር ሲቆም ደግሞ እጄን ያልበኛል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያላት አንድ ነገር አለች፤ «አራቱ ቁልፎች አንድ ሰው እጅ ከገቡ፣ ይሄ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። እሱ ሰው ያሻውን ማጥፋት ይችላል።» ይህንንም በደብተሬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ያሰመርኩበትን ነገር ያፈረሱት ደግ ሰዎች ናቸው። የአራቱ ቢሮ ጸሐፊዎች አምቦ ለሥልጠና ተሰብስበን ቁልፎቹን ባደልኩ ቀን፣ የሸነኑ ጸሐፊ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ኮታቸውን እስከ ላይ የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ሁላችንም ኦቦ፣ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት፣ ብለን ነበር የምንጠራቸው። ፍላሹን በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝና «ኢንተላ ኮ፣ አንቺው ያዢልኝ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ ጋ ይጠፋል። አንቺ ጋ ካለ እኔ ጋ እንዳለ ነው።»

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ግን አባቴ የሚያህሉ ሰው በሁለት እጃቸው የዘረጉትን እንዴት ብዬ ልመልስ? አላምንዎትም ማለት መሰለኝና ተቀበልኩ። እሳቸውን ያየችው የእጃጂዋ ጸሐፊም ሰጠችኝ። የአዲስ ዓለሙ ደግሞ እኔ ብቻ ይዤ ብሄድ ያስቀይማል ብሎ ነው መሰለኝ፣ እየሳቀ ጣል አደረገልኝ። አራቱን ፍላሽ ከነይለፍ ቃላቸው መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩና ቆለፍኩ። ከዚያ ወዲያ በቀን ስንት ጊዜ ያን መሳቢያ እንደነቀነቅኩት አላውቅም።

ስድስት ወር ያህል ደህና ሄደ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከአራት ሰዓት ትንሽ አልፎ፣ የለመድኩትን ልምምድ ጀመርኩ። ሁለት መዝገብ ነበረኝ፤ አንዱ እውነተኛው፣ ሌላው መለማመጃ። ስህተት ቢፈጠር እርማቱን እንዴት እንደማስገባ እንዳልረሳ፣ መለማመጃው ላይ አንድ የውሸት ስህተት ፈጥሬ አርም ነበር። ጭንቀታም ሰው እንዲህ ነው የሚዝናናው። ትናንት የመዘገብኩት አንድ የዘር ቁጥር በጭንቅላቴ ስለነበር እሱን ጻፍኩና፣ የሚያጠወልግ በሽታ ተገኝቶበታል፣ ውድቅ ነው ብዬ አስገባሁ።

ቀዩ መስመር ሲወጣ ከላይ ያለውን የመስኮቱን ስም አየሁት። እውነተኛው ነበር።

ቁጥሩ ሸነን አካባቢ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት የአንዲት ገበሬ ዘር ነው። ሐሙስ መኪና ሄዶ ይጭነዋል፣ የእጃጂ ገበሬዎች ይዘሩታል ተብሎ ተይዟል። ውድቅ የተባለ ዘር መኪና ላይ አይወጣም። ከዚያ ይልቅ የከፋው ስሙ ነው። የሚያጠወልገው በሽታ አፈር ውስጥ ስለሚቆይ፣ ከእገሌ ቤት ተገኘ ከተባለ ከዚያ ቤት ማንም ዘር አይወስድም። ያቺ ሴት ዘር እያባዛች ነው የምትኖረው። እኔ ደግሞ በአንዲት መስመር ያንን ቤት የበሽታ ቤት አደረግሁት።

ያኔ ስልኬ ጠራ። ኦቦ ነበሩ።

«ኢንተላ ኮ፣ አካም? ደህና አደርሽ? እናትሽ ደህና ናቸው? ቤት ደህና? ሥራስ?» ለእያንዳንዱ ደህና፣ ደህና እያልኩ ዓይኔ ቀዩ መስመር ላይ ነው። «እንግዲህ ይቺ ሴትዮ መኪናው መቼ ነው ልትለኝ መጥታ እዚህ ቆማለች። ትናንት ንጹሕ ነው ይል ነበር፣ አሁን ስከፍተው ቀይ ጽፏል። ምንድን ነው እሱ?»

«ኔትወርክ ነው» አልኩ።

አላሰብኩበትም። እኛ አገር ሁሉ ነገር ኔትወርክ ነው፤ አፌ ራሱ ያውቀዋል። «ኤዬ፣ ኔትወርክ ነዋ!» አሉ በእፎይታ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ወደ ሴትየዋ ዞረው «ኔትወርኪዳ ጄቴ» ሲሏት ሰማሁ፣ ኔትወርክ ነው አለች ማለታቸው ነው። ከሩቅ የሴት ድምፅ «ገለቶሚ» አለኝ። አመሰገነችኝ።

ስልኩን ዘግቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። የትናንት ማታው ቅጂ በአራቱም ቢሮ ተቀምጧል። አራቱ ቁልፍ ያለው ሰው አራቱንም ሰርቨር ከአምቦ ሆኖ ወደ ትናንት መመለስ ይችላል። ጠዋት የገቡትን ሌሎች መዝገቦች እንደገና እጽፋቸዋለሁ። ቀዩ መስመር ግን እንዳልነበረ ይሆናል። የአምቦን ቁልፍ ሰካሁ፣ ቀጥሎ የአዲስ ዓለምን፣ ቀጥሎ የእጃጂን። የሸነኑ ላይ የይለፍ ቃሉ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በክር ታስሮበታል። ሰካሁትና ከፈትኩት።

መዝሙር ነበር። ቁልፉን ከማግኘቴ በፊት ዓይኔ የገባው በተራ ቁጥር የተደረደረ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መዝሙር፣ ከዚያ ሥር «የልጄ ሠርግ» የሚል የፎቶ ማኅደር። ፍላሹን ባደልኩ ቀን አንድ ጎድሎ ስለነበር እሳቸው ከኪሳቸው የራሳቸውን አውጥተው፣ ቁልፉን እዚያ ላይ እንደገለበጥኩት ያኔ ትዝ አለኝ። ያላቸው ፍላሽ እሱ ብቻ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ መዝሙሬን መልሺልኝ ብለው አንድ ቀን አልጠየቁኝም። አምነው የሰጡትን ነገር መልሶ መጠየቅ ነውር መስሏቸዋል።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። በጣም አፈርኩ። ደግሞም ፈራሁ፣ ከስህተቱ ይልቅ ራሴን ፈራሁ። ዛሬ ሐሰተኛውን መስመር ካጠፋሁ፣ ሌላ ቀን እውነተኛውን ከማጥፋት የሚከለክለኝ ምንም የለም። እርማቱንም ቢሆን በሁለት ቁልፍ እዚያው ተቀምጬ ራሴ ጽፌ ራሴ ማጽደቅ እችል ነበር። አሠልጣኙ ድምፁን ዝቅ ያደረገበት ነገር የገባኝ ያኔ ነው። አራቱን ፍላሽ አንድ በአንድ ነቀልኩ። ለኦቦ መልሼ ደወልኩና «ነገ ጠዋት ሸነን እመጣለሁ፣ እባክዎ ሴትየዋን ይጥሩልኝ» አልኳቸው። «ለኔትወርክ ብለሽ ይሄን ሁሉ መንገድ?» አሉ።

በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። በአማርኛ አዘጋጀሁት፣ በኦሮምኛ አዘጋጀሁት፣ በሁለቱም አስቀያሚ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው የምጸልይ መስሏቸው አሜን አሉ።

ቢሮው ውስጥ ሴትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ፍላሹን አውጥቼ ለኦቦ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ «መዝሙሮቼ አሉ?» ብለው ነው። አሉ አልኳቸው። ከዚያ ሳልቀመጥ፣ ከተቀመጥኩ የማልናገረው ስለመሰለኝ፣ «ኔትወርክ አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ተሳስቼ» አልኩ።

«ይጠፋል?» አለች ሴትየዋ በኦሮምኛ።

«አይጠፋም። ከሥሩ ይህ በስህተት የገባ ነው፣ ዘሩ ንጹሕ ነው ይላል።»

«የማን ስህተት ይላል?»

«የኔ።»

«ስምሽ አለበት?»

«አለበት።»

ኦቦ የይለፍ ቃላቸውን ሲቀይሩ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ከዚያ እርማቱን ጻፍኩ። እሳቸው የምርመራውን ወረቀት ከእርማቱ ጋር ቃል በቃል አመሳከሩ፣ ለሴትየዋም በኦሮምኛ አነበቡላት፣ ከዚያ በአንዲት ጣታቸው እየፈለጉ ፈረሙ። እኔም በአምቦ ቁልፍ ፈረምኩ። ሁለቱ መስመሮች ዛሬም አሉ፤ ቀዩ ከላይ፣ እርማቱ ከነስሜ ከታች። መዝገቡን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ እዚያ ይሄዳል። የእጃጂንና የአዲስ ዓለምን ፍላሽ በዚያው ሳምንት በእጄ ወስጄ መለስኩ።

ያን ቀን ኦቦ ፈርመው ሲጨርሱ ፍላሹን ነቅለው እንደ ልማዳቸው በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። «በይ፣ አንቺው ያዢልኝ።»

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ሴትየዋ።

«ቁልፍ ነው፤ የዚህ ቢሮ ፊርማ» አልኳት።

«ትናንትም አንቺ ጋ ነበር?»

«ነበር።»

ዓይኔን እያየች አሰበች። «እንግዲያ ትናንት ኔትወርክ ነው ስትይ፣ ማንም ሳያይ ልታጠፊው ትችይ ነበር?»

ያልተለማመድኩት ጥያቄ ይሄ ብቻ ነበር። «እችል ነበር» አልኩ። «ልጀምርም ነበር።»

ኦቦ የተዘረጋ እጃቸውን አላጠፉም፤ ግን አሁን የሚያዩት ፍላሹን ነው። ሴትየዋ ወደሳቸው ዞራ በቀስታ፣ ያለ ቁጣ፣ «ኪስዎ ይክተቱት» አለቻቸው።

የኮታቸውን የውስጥ ኪስ ከፍተው ከተቱት። ከዚያ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ እስከ ላይ ቆለፉ። ሻይ ጠጥተሽ ሂጂ አሉኝ፣ ጠጣሁ። መናኸሪያ ድረስም ሸኙኝ፣ ደህና ግቢ አሉኝ። ኢንተላ ኮ ግን አላሉኝም። ትክክል ነበሩ፣ እኔ ራሴ የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር፤ ቢሆንም ውስጤን አመመኝ። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮት ዞሬ አየኋቸው። ቆመው አንድ እጃቸውን ያወዛውዙልኛል፣ ሌላው እጃቸው ኪሳቸው ላይ ነበር።