የራሰ ኮንጎ ጫማ

ልጆቹ የራሰ ኮንጎ ጫማቸውን አሸዋው ላይ ሲደረድሩ፣ ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ ወንጌል ሊሰብኩ ለሚሽን የመጡ ወጣቶች እኛን የመንደሩን ልጆች እዚችው ባሮ ወንዝ መሃል ያለች ደሴት ላይ መዝሙር ያስተምሩን ነበር። አንድ ቀን ታንኳ ቀዛፊው ኦሞድ፣ “ውሃው መልኩ ተቀይሯል፤ ደጋ ዘንቧል፤ እንሂድ” አለ። ደጋ ቢዘንብ እኛን ምን አገባን አልኩ በልቤ።

አስተማሪያችን እህት ቤዛ ጥርት ያለውን ሰማይ አይታ ሳቀች። “ኧረ ኦሞድ፣ እንዴት ፈሪ ነህ! ጸልየን እንሄዳለን። ልጆች፣ አሜን ሳልል ዓይኑን የሚገልጠውን ጌታ ያየዋል!”

ጸሎቱ ረዘመብኝ፤ ገለጥኩ። ውሃው ጫማችንን አንድ በአንድ እያነሳ ይወስዳል። እንዳይነቃብኝ ብዬ መልሼ ጨፈንኩ።

ኦሞድ እየጮኸ ታንኳው ላይ ሲጭነን፣ የመጨረሻዋ ልጅ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ነበረች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ “ስትገልጪ አይቻለሁ። ለምን ዝም አልሽ?” አለኝ።

ዛሬ ተመርቄ እዚችው ደሴት ላይ ልጆች የማስተምረው እኔ ነኝ። አብራኝ የምታስተምረው ጓደኛዬ፣ “ዓይንሽን ጨፍኚ እንጂ፣ ልንጸልይ ነው” አለችኝ።

“እናንተ ጸልዩ” አልኳት። “እኔ ውሃውን አያለሁ።”