ልጄ በጎን የሣለችኝ

እኛ ቋሪት የተወለድን ሰዎች ሥዕል ማንበብ ከፊደል በፊት ነው የምንማር። እኔን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ከደብራችን ግድግዳ ሥር አቁማኝ፣ «ጻድቁ ፊቱን ሙሉ አድርጎ በሁለት ዓይኑ ያይሻል። ኃጥኡ፣ ይሁዳውም ሰይጣኑም፣ በጎን ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ» ትለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለ አንድ ዓይን ሥዕል ካየሁ አማትባለሁ።

በቀደም የማኅበር ተራዬ ደርሶ፣ ቡሬ ያለው ቤቴ በሰው ሞልቷል። ጠላውን በጆግ ይዤ ከጓዳ ብቅ ስል ግድግዳው ላይ ራሴን አየሁት። ባሕር ዳር ሥዕል ተምራ የመጣችው ልጄ ደስ ይበላት ብላ ሳትነግረኝ ሰቅላዋለች። ነጠላዬ፣ የአንገቴ ንቅሳት፣ እህል ተራ ፀሐይ ያጠቆረው ጉንጬ፣ ሁሉም እኔው ነኝ። ግን በጎን! ባንድ ዓይን!

ወይ ጉዴ! የነፍስ አባቴ ደግሞ እዚያው ሥዕሉ ሥር ተቀምጠዋል። እኔ ቁጣዬ ከአእምሮዬ ቀድሞ ነው የሚሄድ፣ የሚያውቀኝ ያውቀዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን በደልኩሽ? በሰው ፊት ይሁዳ ታደርጊኝ?» አልኳት።

«ኧረ ተይ ልጄ» አሉ አባ፣ «ይሄ እኮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይደለም።»

«እርስዎ ደግሞ አይደግፏት አባ! አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ ከኃጥአን ጋር ትቁጠረኝ?»

ሥዕሉን አወረድኩና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ የጤፉ ጆንያ ላይ አስደገፍኩት። ልጄ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ተከትያት ገባሁ። ቁጣዬ ገና አልበረደም።

«መልሽልኝ እንጂ!»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ብርጭቆ እያጠበች፣ «እማዬ፣ ያን ዓይንሽን ሰው እንዲያይብሽ የምትወጅ አልመሰለኝም» አለች።

ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! የግራ ዓይኔ፣ ልጅ ሳለሁ፣ አውድማ ላይ እብቅ ገብቶበት ጠፍቷል፤ ነጭ ነው። ከዚያ ወዲህ ከግራ ፊቴ ላይ ነጠላ አውርጄ አላውቅም፤ ስተኛ እንኳ ሻሽ አለኝ። ቤታችን ውስጥ ስለዚያ ዓይን ተወርቶ አያውቅም። እሷ ገመናዬን ስትሸፍንልኝ እኔ በማኅበር ፊት አዋረድኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ በምን ልመልሰው? አፈርኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ በልጄ ፊት እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ሳሎን ተመልሼ ሥዕሉን ከጆንያው ላይ አነሣሁና አሁን ደህና አድርጌ አየሁት። የሣለችው ዓይን ወደ በር ያያል። ከትምህርት ቤት ስትዘገይብኝ እንደዚያ ነበር ተቀምጬ የምጠብቃት። ቦታው መልሼ ሰቀልኩት።

ከዚያ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ነጠላዬን አወረድኩ።

«ነይ» አልኳት፣ «ሙሉውን ሣይኝ።»

እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጣች። አገጬን ይዛ ቀና ስታደርገኝ ዓይኗን ማየት አፈርኩና ደህናውን ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እማዬ» አለች፣ «ፊትሽን ዛሬ ገና አየሁት።»