ስድስት መጽሐፍ ሙሉ የተፈለገች እናት

«እንግሊዝኛ ማንበብ ትችያለሽ?» አለችኝ የአሠሪዬ ልጅ፣ በሆዷ እንደተኛች።

በዓረብኛ ነው የጠየቀችኝ፤ እኔና እሷ ሁልጊዜም በዓረብኛ ነው የምናወራው። አስራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት መረብ ኳስ ስትጫወት ኳስ ዓይኗን መትቷት ደማም ከተማ ወስደው ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። ሐኪሙ ለሦስት ሳምንት ተደፍታ እንድትተኛ፣ እንዳታነብ፣ ስልክም እንዳታይ አዘዘ። ማዳም የልጇን ጠባይ ስለምታውቅ ስልኩን ወስዳ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ልጅቷ ሁለት ቀን ሙሉ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ጭማቂ ይዤላት ስገባ ነው ይህን የጠየቀችኝ።

«ትንሽ» አልኳት።

«ትንሽ ማለት ምን ያህል?»

«አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ።»

ሳዑዲ፣ ኮበር ከተማ፣ አል ራዋቢ ሰፈር ባለው ቪላቸው ሦስት ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን አታውቅም ነበር። አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ከዚያ እጇን ወደ መደርደሪያው ዘረጋችና «ከግራ የመጀመሪያውን አምጪ» አለችኝ።

ጥቁር ጀርባ ያላቸው፣ ከላይ እስከ ታች የወርቅ ቀለም መስመር የተሰመረባቸው ስድስት መጻሕፍት ነበሩ። በየሳምንቱ አቧራቸውን አራግፋለሁ፤ አንዱንም ገልጬ አላውቅም። አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ገጽ ለመጨረስ የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ድስት ሩዝ ያበስላል። ቢላዋ የሚለውን ቃል በተጻፈበት ሁሉ «ክናይፍ» ብዬ ሳነብ ልጅቷ ትራሱ ውስጥ በሳቅ ፈረሰች። ማዳም እየሮጠች መጥታ «አትሳቂ! ዓይንሽ!» ብላ ጮኸች። እኔ ደግሞ አፈርኩና መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ክፈቺው» አለችኝ እናቷ ስትወጣ። «ኬዋን ተያት፤ አትነበብም። ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዝናብ በማያባራበት አንድ ትልቅ ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ልጅ ከአጎቷ ጋር ትኖራለች። እናቷ እሷ ሕፃን ሳለች አንድ ጠዋት በምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍራ ሄዳ አልተመለሰችም። ልጅቷ አንድ ቀን ማንም በማይወርድበት ፌርማታ ወረደች። ለካ ከከተማው ሥር ሌላ ከተማ አለ። የመንገድ መብራቶቹ ሰው ያማሉ። ወንዙ አሮጊት ሆኖ ትኬት ይቆርጣል። ሰው የጠፋበት ነገር ሁሉ፣ ጃንጥላም በሉት የልጅነት ስም፣ እዚያ ገበያ ላይ ይሸጣል። ጥላውን የሸጠ አንድ ጎረምሳም አለ፤ ልጅቷ ትወደዋለች፣ እሱ ግን ሞኝ ስለሆነ አይገባውም።

ስለ ጠንቋይና ስለ ቤተ መንግሥት የሚያወራ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ይሄኛው ግን ስለ መናኸሪያ ነው። እኔ መናኸሪያ አውቃለሁ። ደብረ ብርሃን ያደግኩበት ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ የረዳቶቹን ጩኸት እየሰማሁ ነው ያጠናሁት። አስማት እንዲህ ያለ ቦታም እንደሚመጣ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሥራዬን ተጣድፌ ጨርሼ «ልግባ?» የምል እኔ ሆንኩ። ዓርብ ዕለት የኮበር ባሕር ዳርቻ ስንሄድ መብራቶቹን ቀና ብዬ አያቸዋለሁ። ምን እያሉኝ ይሆን? እላለሁ በልቤ።

አሁን ስለ ልጄ መናገር አለብኝ።

ወደ ሳዑዲ ስሄድ አራት ዓመቷ ነበር፤ ለታላቅ እህቴ ሰጥቻት ነው የሄድኩት። ማዳም ቤት ከመግባቴ በፊት ሌላ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ያኔ፣ መጻሕፍቱን ማንበብ ስጀምር፣ አስራ አንድ ሞልቷታል። እህቴን «እማ» ትላታለች፣ እኔን «እማዬ»። በየሳምንቱ እደውላለሁ። የምናወራው ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«ደህና ነሽ የኔ ልጅ?»

«ደህና ነኝ።»

«ትምህርትስ?»

«ጥሩ ነው።»

«በላሽ?»

«በላሁ። ለእማ ልስጣት?»

ስልኩን ለመስጠት የምትቸኩለውን ችኮላ እሰማው ነበር። አልፈርድባትም። አንዲት ልጅ ለማታውቀው ሰው ምን ትለዋለች? እኔም ብሆን ለእሷ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። አንድ ዓርብ ግን «በላሁ» ካለች በኋላ፣ ስልኩን ሳትሰጥብኝ ቶሎ ብዬ «ምን እያነበብኩ እንደሆነ ልንገርሽ?» አልኳት።

መልሷን አልጠበቅኩም። ጀመርኩ። መናኸሪያውን፣ ዝናቡን፣ ማንም የማይወርድበትን ፌርማታ ነገርኳት። ከዚያ ወዲያ ድምፅ ስለጠፋ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ሃሎ? አለሽ?»

«አለሁ» አለች። «ከዚያስ?»

«ለእማ ልስጣት?» ከሚለው በቀር፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ልጄ እኔን የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

ከዚያ በኋላ በድምፅ መልእክት መላክ ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ማዳም ስታርፍ ልብስ እየተኮስኩ ያነበብኩትን በአማርኛ እተርክላታለሁ። አሮጊቷን ወንዝ እንደ ደብረ ብርሃን ትኬት ቆራጭ አናግራታለሁ፤ ጥላ የሌለውን ጎረምሳ ትንሽ አኮላትፈዋለሁ። መልሷ በማግስቱ ይመጣል። «ልጁ ጥላውን ለምን አይገዛውም?» «መብራቶቹ ቀን ይተኛሉ?» እህቴ አንድ ቀን ደውላ «ምን አድርገሻት ነው? ስልኬን ይዛ ጓሮ እየገባች ለብቻዋ ትስቃለች» አለችኝ።

ሦስት ሳምንቱ አለቀ፤ የልጅቷ ዓይንም ዳነ። እኔም ነገሩ አበቃ ብዬ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው ስመልስ አየችኝ።

«ጨረስሽው?»

«አልጨረስኩም።»

«ታዲያ ለምን ትመልሺዋለሽ? ውሰጂው። ገጹን ብቻ እንዳታጥፊ።»

እንዲህ እያልኩ ሦስተኛው ላይ ደረስኩ። ሦስተኛው መጽሐፍ ሩዝ አሳረረብኝ። ማዳም ሽታው ጠርቷት ወጥ ቤት ስትገባ መጽሐፉን ማቀዝቀዣው ላይ ተገልጦ አገኘችው።

«ይሄ ምንድነው? የማነው?»

እኔ ድስቱን ከምድጃው አወረድኩ። ልጅቷ ግን ከኋላዋ መጥታ «የኔ ነው ማማ። ዓይኔ ሲደክመኝ ታነብልኛለች፤ መለማመድ አለባት» አለች። ማዳም መጀመሪያ ልጇን አየች፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ያረረውን ሩዝ።

«ሥራ ሲያልቅ» አለች። «ኸላስ፣ በቃ።»

ከማዳም ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ እንደዚህ የወደድኩት የለም።

አራተኛው መጽሐፍ ውስጥ እናቲቱ ተገኘች።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነበርኩ። ማሽኑ ይሽከረከራል፤ እኔ ደግሞ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው የማነበው። ሦስት መጽሐፍ ሙሉ የታሪኩ ልጅም እኔም ልጄም እናትየው ተጠልፋለች ብለን ነበር የምናስበው። ማንም አልጠለፋትም። በታችኛው ከተማ መብራት የምትለኩስ ሠራተኛ ሆና ተቀጥራ፣ በገዛ እግሯ ተሳፍራ ነው የሄደችው። ባቡሩ በዓመት አንድ ቀን ወደ ላይ ይመለሳል። በዚያ ቀን በየዓመቱ ፌርማታው ድረስ መጥታ ቆማ ታየዋለች እንጂ አትሳፈርም። ልጅቷ «ለምን?» ብላ ስትጠይቃት «የማታውቂኝ ብትሆኚስ ብዬ ፈራሁ» አለቻት።

ማሽኑ ማጠብ ጨርሶ ጮኸ። አልተነሳሁም።

በማግስቱ የልጄ መልእክት መጣ። «እማዬ፣ እናቷ ተገኘች?»

ልብሱን መተኮስ ጀመርኩ፣ መቅጃውን ነካሁና «ተገኘች» አልኩ። «አስረዋት ነው። በታችኛው ከተማ አንድ ክፉ ንጉሥ አለ፤ እሱ ነው ያሰራት።»

ንጉሥ የሚባል ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም። ከራሴ ነው ያመጣሁት። አንዴ ካመጣሁት በኋላ ደግሞ ማኖር ግዴታ ሆነብኝ፤ አምስተኛውንና ስድስተኛውን መጽሐፍ ስተርክ ለዚህ ንጉሥ ወታደር ቀጠርኩለት፣ እስር ቤት ሠራሁለት፣ ሪዝም ተከልኩለት። ልጄ ሪዙን ወደደችው።

ሁለት ዓመት አለፈ። ሰባተኛው መጽሐፍ ገና አልወጣም፤ እኔና የማዳም ልጅ እየጠበቅን ነበር። ኮበር የገበያ አዳራሽ በሄድን ቁጥር መጽሐፍ መሸጫው ገብታ ትጠይቃለች፣ እኔ ደጅ ሆኜ በመስታወቱ ውስጥ ፊቷን አያለሁ። ራሷን ከነቀነቀች አልመጣም ማለት ነው።

አንድ ዓርብ ልጄ ራሷ ደወለችልኝ። ከዚያ በፊት ደውላልኝ አታውቅም፤ አንድ ሰው ሞተ ብዬ ደነገጥኩ።

«እማዬ፣ ንጉሡ የለም።»

«የቱ ንጉሥ?»

«አንዷ የክፍላችን ልጅ ስልኳ ላይ መጻሕፍቱ አሏት። አራተኛውን ራሴ አነበብኩት። መዝገበ ቃላት እያየሁ። ሁለት ወር ፈጀብኝ።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«ማንም አላሰራትም። ራሷ ነው የሄደችው። መመለስም ትችል ነበር» አለችኝ። ድምፅዋ የትልቅ ሰው ድምፅ ሆኗል። «ለምን ቀየርሽው?»

«እንድትጠያት አልፈለግኩም።»

«እሷን ነው አንቺን?»

ባሕር ዳርቻው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። የማዳም ትንንሾቹ ልጆች ፊት ለፊቴ ብስክሌት ይነዳሉ። ልጆቹ ሲዞሩ ፊቴን እንዳያዩ ወደ ባሕሩ ዞርኩ። ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት።

ሳዑዲ ከገባሁ ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ጊዜ ለዕረፍት አገር ቤት ሄጄ ነበር። ያን ጊዜ መቅረት እችል ነበር። ለእህቴም ለሰውም «የጀመርኩትን ቤት ሠርቼ ሳልጨርስ እንዴት እቀራለሁ» ነው ያልኩት፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። አንድ ጠዋት ልጄ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ወደቀችና ጉልበቷ ደማ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁ። እሷ በአጠገቤ አልፋ፣ እያነከሰች፣ ወደ እህቴ ሮጠች። ያኔ ለዚህች ልጅ እኔ እንግዳ ነኝ አልኩ። በሳምንቱ ተመለስኩ።

«ፈርቼ ነው» አልኳት። «ሌላ ምክንያት የለኝም።»



«ያን ቀን ትዝ ይለኛል» አለች። «ነጭ ቀሚስ ለብሰሽ ነበር። ሐበሻ ቀሚስ። እማ ከመምጣትሽ በፊት ‹እናትሽን እንዳታቆሽሺያት፣ እንግዳ ናት› ብላኝ ነበር። ደሙ እንዳይነካብሽ ብዬ ነው።»

አለቀስኩ። ያ ቀሚስ ምን ሊሆን ነው! ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺን ጠዋት በልቤ ይዤያት ስዞር፣ አንድም ቀን እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

«ልጅቷ እናቷን አልጠላቻትም እኮ» አለች ልጄ። «ተናዳባታለች እንጂ።»

«አንቺስ?»

«እኔም ተናድጃለሁ።»

«እሺ።»

«አምስተኛውን ስጨርስ እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው።

ለማዳም ልጅ ሁሉንም ነገርኳት። አስራ ስምንት ሞልቷት ሪያድ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ እየተዘጋጀች ነበር። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ልጅ እንዳለኝ ታውቃለች፤ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ግን አታውቅም ነበር። «ከልጅሽ ጋር ከኖርሽው በላይ እኛ ቤት ኖረሻል» አለች ቀስ ብላ፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወዲያው ደግሞ «ንጉሡ ሪዝ አለው አልሽ?» ብላ ሳቀች። የንጉሡን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረኩላት።

በዚያው ሳምንት ማዳምን ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ ማለት ነው፣ ጠየቅኳት፤ ለዕረፍት ሳይሆን ጨርሼ ልሄድ። ማዳም መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ቆመች። «ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ናት?» አለችኝ። «ስምንተኛ» አልኳት። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከረመዳን በኋላ ወረቀቴ አለቀ። እስከ ደማም አየር ማረፊያ ድረስ ሸኝታኝ፣ አቅፋኝ፣ «ሳልናደድብሽ አልቀረሁም» አለችኝ። ልጇ ስድስቱንም መጻሕፍት ሻንጣዬ ውስጥ ከታ ነበር። ክብደቱ እንዳይበዛብኝ ሁለት ብርድ ልብስ አወጣሁ።

አገር ቤት የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ልጄ ቁመቷ በልጦኛል። አብራኝ አትተኛም፤ ዓረብኛ እየቀላቀልኩ ስናገር አፏን ይዛ ትስቃለች፤ የሆነ ነገር ሲያስፈልጋት አሁንም «እማ» ብላ ወደ እህቴ ነው የምትሄደው። እንደ ድሮው ፈርቼ ልመለስ ብል ኖሮ ምክንያት አላጣም ነበር። በስምንተኛው ቀን ዕቃ ሳጥብ መጥታ ማድረቂያ ጨርቁን አነሳች።

«ጥላ የሌለው ልጅ ግን፣ በመጨረሻ እሷን ያገባታል ብለሽ ታስቢያለሽ?»

«በማርያም፣ እሱን? ከዚያ ሁሉ በኋላ? እኔ ብሆን ደጄም አላስደርሰው።»

«አንቺ ስላልገባሽ ነው! ጥላውን የሸጠው ለእሷ ብሎ ነው እኮ።»

«ለእሷ ብሎ ከሆነ ለምን አይነግራትም?»

«ስለሚያፍር ነዋ!»

ድምፃችን ከፍ እያለ ሄደ። እኔ ሳሙና በያዘ እጄ እየተከራከርኩ፣ እሷ ጨርቁን እያወዛወዘች፣ አንድ ሳህን አሥር ጊዜ አደረቅን። እህቴ ከሳሎን ተነስታ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ጥቂት ካዳመጠች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ማንን ነው የምታሙት?» አለች። «ሰፈራችን ነው የሚኖረው?»