ለእንቅርት የተገዛው ጠብታ

ታላቅ እህቴ የመድኃኒቱን ጠርሙስ የገዛችው ባጥሐ ገበያ ውስጥ ከሻንጣ ከሚሸጥ ያገራችን ሰው ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅርት አለባት። እናታችን እንዲቆምላት ብላ አንገቷን አስነቅሳት ነበር። አረንጓዴው ንቅሳት እብጠቱን እንደ አጥር ከቦታል፤ እብጠቱ ግን አጥሩን አልፎ ሄዷል። ሪያድ ማዳም የምትላት ሴት ቤት ተቀጥራ ስለምትኖር ቀኑን ሙሉ በሻሽ ትሸፍነዋለች።

ዓርብ ዐዚዚያ ሰፈር ወደምኖርበት ክፍል ስትመጣ ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ።

"አዮዲን ነው።"

እኔ የማውቀው አዮዲን ቁስል ላይ የሚቀባውን ነው። "እታለም፣ ይጠጣል እንዴ?"

"ጨው ውስጥ የሚገባው ነው አንተ! አገር ቤት ያጣነው።"

ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥቼ አየሁት። ጽሑፉ ግማሹ ተልጧል። ሻጩን አውቀዋለሁ፤ ሲያወራ ዓይኑ ገዢው ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ነው። ቀለም የገባበት ውኃ ነው አልኳት።

"ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር!" ብላ ሳቀችብኝ። "ያላ በል፣ ለጥርጣሬህ ግጥም ጻፍለት።"

ሻጩ ከነገራት በላይ ነበር የምትጠጣው። የኔ የከረመ ስለሆነ ብዙ ይፈልጋል ትላለች። ውሎ አድሮ ጉንጯ ጎደለ። የአየር ማቀዝቀዣው ሥር ተቀምጣ እንኳ ያልባታል።

"ማዳም ፍንጃሎቹ ለምን ይንቀጠቀጣሉ አለችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"በረደኝ አልኳት።"

"በዚህ ሙቀት?"

ሳቅን። እጇ ግን ጉልበቷ ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪም ቤት እንዳልወስዳት እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለኝም፤ በሩ ላይ ወረቀት ቢጠይቁኝ አለቀልኝ። ማዳምን እንድትጠይቅ ስነግራት ደነገጠች። "በሽተኛ ሠራተኛ ማን ያስቀምጣል? ኸላስ፣ አበቃ፣ ተርሒል ነው! ባገኘችው አውሮፕላን ወደ አገሬ ነው የምትሰደኝ።"

ጠርሙሱን ቀምቼ ሙረባዕ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ፋርማሲ ሄድኩ። ጠብታውን ለሸጠላት ሰው የምለውን ስድብ እንኳ መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። ሱዳናዊው ፋርማሲስት መነጽሩን አውልቆ አነበበው።

"ደህና መድኃኒት ነው" አለ።

ስድቡ አፌ ውስጥ ቀረ። የእህቴን ነገር ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። "አዮዲን ለሁሉም ሰው ያስፈልጋል፤ ልኩን ሲያልፍ ግን ይጎዳል። ደግሞ ለዘመናት የተራበ እንቅርት ድንገት ሲጠግብ የሚያብድበት ጊዜ አለ። ልብን የሚያስሮጠው ያ ነው። ዛሬውኑ ታቁም፤ ደሟም ይታይ።"

እሱንም ጠረጠርኩት። አሁን ሌላ መድኃኒት ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ምንም ሳይሸጥልኝ ጠርሙሱን መልሶ ሰጠኝና ቀጣዩን ሰው ጠራ። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ደውዬ ነገርኳት። "ትራሴ ላይ ስተኛ ልቤን እሰማዋለሁ" አለችኝ። "ለማዳም ልንገራት።"

"ተይ፣ ሌላ መላ እንፈልግ። ማዳም አትታመንም።"

"የምትጠረጥረው አንተ፣ የምሞተው እኔ!"

በማግስቱ ከቀትር በፊት ደወለች። "ለማዳም ሻሼን ፈትቼ አሳየኋት። ያላ፣ ዓባያሽን ልበሺ አለችኝ። መኪና ውስጥ ነን።"

"ወዴት?"

"ሆስፒታል ነው የምትለው።"

"የምትለው" ያለችው ነገር አላማረኝም። "ስልኩን እንዳትዘጊ። ሻንጣሽን ያዢ ብላሻለች?"

"አላለችም።"

"ምን ይታይሻል?"

"ሕንፃ። ድልድይ። ሕንፃ።"

መኪናው ቆመ። የበር ድምፅ፣ ከዚያ የብዙ ሰው ጫጫታና የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ።

"ፖሊስ አለ?"

"ጥበቃ አለ፤ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።"

"ማዳምስ?"

"የካርድ መስኮቱ ጋ ቆማ ትጨቃጨቃለች። ለእኔ ብላ ነው መሰለኝ።" አንዲት ሴት በዓረብኛ ስትጠራት ሰማሁ። "ነርሷ ክንድሽን ዘርጊ እያለችኝ ነው። ደም ልትወስድልኝ ነው፤ በል ወንድሜ፣ አሁን እንኳ ዝጋው።"

"መርፌው ከማሸጊያው ሲወጣ አይተሻል?"

ዘጋችብኝ።